ገዳዩም አይቶታል

ፊልሙ «የግድያ ትዝታዎች» ይባላል፤ ደቡብ ኮሪያዊው ቦንግ ጁን-ሆ እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው ነው፤ ከታች ያሉት የኮሪያ ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው። ያየነው ሦስት ሆነን ነው፦ ዕድሜያቸውን በወንጀል ምርመራ የጨረሱት ጡረተኛው አጎቴ፣ ታላቅ እህታቸው እናቴ፣ እና ፊልም በማቀናበር የምተዳደረው እኔ። ከታች ያለው ፊልሙ ካለቀ በኋላ የተባባልነው ነው። መጨረሻውን እናወጣዋለንና ሳያይ መስማት የማይፈልግ ሰው እዚህ ላይ ይለየን።

እማዬ፦ እና ማነው የገደላቸው?

ጋሼ፦ አልተያዘም እታለም። አለቀ።

እማዬ፦ ምን ማለት ነው አለቀ? ከሁለት ሰዓት በላይ ወገቤን እያመመኝ ተቀምጬ! እኔ ግን አውቄዋለሁ። ያ የፋብሪካው ልጅ ነው። እጁን አላያችሁትም? አካፋ ይዞ የሚያውቅ እጅ አይደለም። ከሞት ያመለጠችው ሴትዮም እጁ ለስላሳ ነበር ብላለች።

እኔ፦ ከአሜሪካ የመጣው የዲኤንኤ ውጤት እኮ እሱ ነው ለማለት አይቻልም ነው ያለው፣ እማዬ።

እማዬ፦ ወረቀት ምን ያውቃል?

ጋሼ፦ ይኸውልሽ! ያ ከሴኡል የመጣው መርማሪም ልክ እንደዚህ ነው ያለው። ፊልሙን ሙሉ «ሰነድ አይዋሽም» እያለ የገጠሮቹን ፖሊሶች ሲያርም ከርሞ፣ መጨረሻ ላይ ዋሻው አፍ ቆሞ፣ ዝናቡ እየወረደበት ወረቀቱን አነበበና ውሸት ነው ብሎ ሽጉጡን መዘዘ። ባቡሩ ወረቀቱን ጨፍልቆት አለፈ። እታለም ጥሩ መርማሪ ይወጣት ነበር።

እማዬ፦ አታሹፍብኝ።

ጋሼ፦ የምሬን ነው። ደግሞ እኔን ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው ሞቶ ይሳቃል ወይ? ያን የእርሻ ቦታ አስቡት እስቲ። ሬሳው ተጋድሟል። ሕፃናት ይሯሯጣሉ፣ ያገኘው ሁሉ ይረግጣል፣ ከአፋፉ የሚወርደው ሁሉ እያዳለጠው ይወድቃል። መርማሪው ዱካዋን አትንኩ እያለ ሲጮህ ትራክተሩ መጥቶ ሄደባት። አንቺ ከት ብለሽ ሳቅሽ።

እኔ፦ እርስዎም ስቀዋል፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ እኔ የሳቅኩት ስለማውቀው ነው። ግድያ ደርሷል ተብለን ስንደርስ ስንት ነገር አይተናል መሰለሽ። አንዲት እናት ነጠላዋን ገፍፋ ሬሳው ላይ ጣል ታደርጋለች። ጽድቅ ነው፤ ሰው ተራቁቶ አይታይ ብላ ነው። ሌላው ደሙ ላይ አፈር ይበትናል፤ ልጆች እንዳያዩት። ሌላው ቢላዋውን አንስቶ ጥግ ያስቀምጣል፤ ሰው እንዳይቆርጥ። ሁሉም ደግ ሰዎች ናቸው። እኔ ስደርስ ግን የምይዘው ነገር የለም።

እኔ፦ እንደ አቀናባሪ አንድ ነገር ልንገርዎት። ያ ትዕይንት አልተቆረጠም። ካሜራው መርማሪውን እየተከተለ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ዱካውን በቅርብ ያሳየናል፣ ከዚያ ጎማውን፣ ከዚያ የመርማሪውን ፊት፣ ሙዚቃም ይለቅበታል። እዚያ ላይ ማዘን እንዳለብን ይነገረናል ማለት ነው። ይኼኛው ግን ዳር ላይ እንደ ቆመ መንገደኛ አድርጎን፣ ሲበላሽ እያየን እንድንስቅ ይተወናል። ሌላ ሬሳ ሲወጣ ነው የሳቅንበት መልሶ የሚቆጠቁጠን።

ጋሼ፦ የሟች ቤተሰብ አዳራሹ ውስጥ ቢኖርስ? እሱም ቆይቶ እስኪቆጠቁጠው ይጠብቅ?

እኔ፦ ለሱ መልስ የለኝም።

ጋሼ፦ ጥሩ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልመስክርለት። ጫማው ላይ ጨርቅ አጥልቆ የሚራገጠው ፖሊስ አለ አይደል? ይኼ ከጭንቅላት የሚወጣ ነገር አይደለም። ምልክት እንዳይቀር ነው። ዳኛው ፊት ሸሚዝ ሲገለጥ የሚታይ ነገር እንዳይኖር። ይኼን የጻፈ ሰው፣ ከሠራው ወይም ከደረሰበት ሰው ቁጭ ብሎ ሰምቷል።

እኔ፦ ዘመኑም እኮ የወታደሮች ዘመን ነው። ግድያው በ1986 ሲጀምር አገሩን የያዘው ጄኔራል ቹን ዱ-ሁዋን ነበር። በዚያ ዝናባማ ሌሊት አካባቢውን የሚያጥር ኃይል ስጡን ሲሉ፣ ሰው የለም፣ ሁሉም ሰልፍ ሊበትን ወጥቷል የተባሉት ለዚህ ነው። የአየር ጥቃት ልምምድ ተብሎ ከተማው መብራቱን አጥፍቶ ሱቁን ሲዘጋጋ ደግሞ አንዲት ልጅ ጨለማው ውስጥ ቀረች።

ጋሼ፦ ሰዓት እላፊን ለኖረ ሰው ይኼ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እማዬ፦ እኔ የገረመኝ ምግቡ ነው። ያንን ምስኪን፣ አእምሮው የዘገመ ልጅ ሲቀጠቅጡት ቆይተው፣ ከዚያ አብረው ቁጭ ብለው ይበላሉ! ያንን በጥቁር ወጥ የተለወሰ ፓስታ የመሰለ ነገር።

እኔ፦ ጃጃንግምየን ነው። ሲበሉ ምን እያዩ እንደነበርስ አስተዋልሽ?

እማዬ፦ ቴሌቪዥን ነዋ።

እኔ፦ የፖሊስ ድራማ! ኮሪያ ውስጥ ከ1971 እስከ 1989 ሲታይ የኖረ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ተከታታይ ነው። መግቢያ ሙዚቃው ሲጀምር ደብዳቢዎቹም ተደብዳቢውም አብረው ያዜሙታል። እኔ ለዚያች ቦታ ስል ፊልሙን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እዚያ ድራማ ላይ ወንጀለኛው ክፍሉ ሳያልቅ ይያዛል። ምግቡን ጨርሰው ወደ ሥራቸው ሲመለሱ እነሱም የያዙት ጉዳይ እንደዚያ እንዲያልቅላቸው ነው የሚፈልጉት።

ጋሼ፦ ድራማው ነው ያስደበደባቸው ልትይኝ ነው?

እኔ፦ አይደለም። እነሱም እንደኛ ተመልካች ናቸው ነው የምልዎት። እማዬ «ማነው የገደላቸው» ብላ እንደተነሳችው።

ጋሼ፦ የመርማሪ ጥድፊያ ከቴሌቪዥን አይመጣም ልጄ። አለቃ ይደውላል፣ የአለቃው አለቃ ይደውላል። ከዚያ ደግሞ ሰዉ አለ። ሟች ቤት በር ላይ ቆሞ «ያዛችሁት?» ይልሻል። «እየመረመርን ነው» ካልሽው ፊቱን ያዞርብሻል። «ይዘናል» ካልሽው ይመርቅሻል። ማንን እንደያዝሽ ግን አይጠይቅሽም! አንዳንዴም ራሱ ቀጥቅጦ አምጥቶ ያስረክብሻል። አንድ ጊዜ ደሙ እየፈሰሰ ተጎትቶ የመጣልን ሰው፣ ሟቹን አንስቶ ሐኪም ቤት ለማድረስ የሞከረ መንገደኛ ሆኖ ተገኘ። ሸሚዙ ላይ ደም ስላዩ ነው።

እኔ፦ ፊልሙ ላይ ያለውም ይኸው አይደል? ያ አእምሮው የዘገመ ልጅ ሲናገር ገዳዩ እሱ እንደሆነ አድርገው ነበር የሰሙት። ልጅቷ እንዴት እንደታሰረች፣ በምን እንደታነቀች ዘርዝሮ ተናገረ፤ «በቃ አመነ» አሉ። በኋላ ቴፑን መልሰው ሲሰሙት ግን ያየውን ነው የሚያወራው። ተደብቆ አይቷል። ገዳዩን በዓይኑ ያየ ምስክር እጃቸው ላይ ነበር፤ እነሱ ግን ተጠርጣሪ ሲያደርጉት ከረሙ። ፎቶ ይዘው ለምስክርነት ሲመለሱበት ፈርቷቸው ሮጠ፣ ባቡር በላው።

ጋሼ፦ እሱ ቦታ ላይ ተነስቼ ውሃ ልጠጣ ሄድኩ።

እማዬ፦ አይቼሃለሁ።

ጋሼ፦ በእኛም አገር በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር አለ። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ አስፈራርቶም ሆነ አባብሎ ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም በ19ኛው አንቀጽ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። ኮሪያም እንደዚያ ዓይነት ሕግ አይጠፋትም ነበር። ሌሊት ምድር ቤት ውስጥ ግን ሕጉን የሚያነብ የለም።

እኔ፦ እስቲ ልፈትናችሁ። መጀመሪያ አካባቢ፣ ሰው ዓይኑን አይቼ አውቀዋለሁ የሚለውን መርማሪ አለቃው ሲፈትነው ትዝ ይላችኋል? ሁለት ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቃላቸውን እየጻፉ ነው። አንዱ ደፋሪ ነው፤ አንዱ ደግሞ የተደፈረችው ልጅ ወንድም ነው፤ ደፋሪውን ይዞ ያመጣው። የቱ የቱ ነው?

እማዬ፦ ያ ከባባዱ ነው ደፋሪው። ፊቱ ያስታውቃል።

ጋሼ፦ ኧረ ተይ! እሱማ ወንድሙ ነው። እንዴት እንደተቀመጠ አላየሽም? ተናዶ ነው እንጂ ፈርቶ አይደለም።

እኔ፦ ፊልሙ አይናገርም።

እማዬ፦ እንዴት አይናገርም?

እኔ፦ እስከ መጨረሻው አይናገርም። እዚያው ጥሎት ያልፋል።

እማዬ፦ ይኼ ሰውዬ ተመልካች ማናደድ ይወዳል።

ጋሼ፦ እሺ ፊልሙ ይቅር፤ እውነተኛው ጉዳይስ? ተይዟል ሲባል ሰምቻለሁ።

እኔ፦ ቦታው ሁዋሶንግ ይባላል፤ ከሴኡል ብዙ አይርቅም። ከ1986 እስከ 1991 ባለው ጊዜ አሥር ሴቶች ተገድለዋል፤ ከትንሽ ተማሪ እስከ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አሮጊት። ግድያ በ15 ዓመት ይርጋ የሚቀርበት ሕግ ስለነበራቸው የመጨረሻው ጉዳይም በ2006 ተዘጋ። ከዚያ በ2019 ፖሊስ የተቀመጡትን ኤግዚቢቶች አውጥቶ በአዲሱ የዲኤንኤ ዘዴ ሲያስመረምር ሊ ቹን-ጄ ከሚባል ሰው ጋር ተገጣጠመ። ሰውዬው የሚስቱን እህት ደፍሮ በመግደል ዕድሜ ይፍታህ ተፈርዶበት ከ1994 ጀምሮ እስር ላይ ነበር። አሥሩንም አመነ፤ ሌሎች ጨምሮ 14 ሰው ገድያለሁ አለ።

ጋሼ፦ በይርጋ ስለታገደ ግን አይከሰስም።

እኔ፦ አልተከሰሰም። ኮሪያ በግድያ ላይ የነበረውን ይርጋ በ2015 አንስታለች፤ ለእነዚያ ሴቶች ግን አልደረሰላቸውም።

እማዬ፦ ያኔ አላዩትም ነበር?

እኔ፦ አይተውታል እንጂ! የዚያው አገር ልጅ ነው። ጠይቀውት ለቀውታል። ፖሊስ የገዳዩ የደም ዓይነት «ቢ» ነው ብሎ ያምን ነበር፤ የሱ «ኦ» ሆነ።

ጋሼ፦ አየሽ? ወረቀት አምነው ገዳዩን ለቀቁት። ፊልሙ ላይ ደግሞ ወረቀት አላምን ብለው ሊገድሉ ነበር። እና አንቺ የቱን ትመክሪያለሽ?

እኔ፦ እኔ ፊልም ቆራጭ ነኝ ጋሼ፤ እሱን እርስዎ ይንገሩኝ።

ጋሼ፦ መርማሪ ወረቀቱን ከማን እጅ እንደተቀበለ፣ ናሙናው ከየት እንደተነሳ፣ እንዴት እንደተቀመጠ ሳይጠይቅ አያምንም፤ ሳይጠይቅም አይጥልም። ይኼ ትዕግሥት ይጠይቃል። ትዕግሥት ደግሞ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጮህብሽ አይገኝም። ነይ ቀጥይ፤ ሰውዬው ፊልሙን አይቶታል ብለሽኝ ነበር።

እኔ፦ አይቶታል። በ2020 ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲመሰክር ተጠየቀ። እስር ቤት ሆኜ አይቼዋለሁ፣ እንደ ማንኛውም ፊልም ነው ያየሁት፣ ምንም ስሜት አልሰጠኝም አለ። ያን ጊዜ ለምን እንዳልጠረጠሩኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም፣ ያን ያህል ለመደበቅም አልሞከርኩም ብሏል።

እማዬ፦ እግዚኦ!

እኔ፦ የመጨረሻዋን ምስል አስቢያት እንግዲህ። ታሪኩ ወደ 2003 ይሻገራል። ያ ዓይን አይቼ አውቃለሁ ይል የነበረው መርማሪ ሥራውን ትቶ የጁስ መጭመቂያ ነጋዴ ሆኗል። የመጀመሪያዋ ሬሳ የተገኘችበትን ቦይ ጎንበስ ብሎ ሲያይ አንዲት ልጅ መጥታ፣ በቀደም ሌላ ሰውዬ እንዳንተ ሲያይ ነበር፣ ድሮ እዚህ የሠራሁትን አስታውሼ ነው አለኝ ትለዋለች። ምን ዓይነት ፊት አለው ሲላት፣ ተራ ሰው ነው አለችው። መርማሪው ቀና ብሎ በቀጥታ እኛን ያያል። ቦንግ ይህን ያደረገው ገዳዩ አንድ ቀን ትኬት ገዝቶ ይገባል ብሎ ስለገመተ ነው፤ ዓይን ለዓይን እንዲገጣጠሙ። ፊልሙ 10 ዓመት ሲሞላው በተደረገ ዝግጅት ላይ እንኳ፣ ዛሬም እዚህ መካከላችን ሊኖር ይችላል ብሎ ነበር።

ጋሼ፦ ሰውዬው እኮ እስር ቤት ነው ያለው!

እኔ፦ እሱ ነው የሚገርመው። ኮሪያ ውስጥ ብቻ ከ5 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሽጧል። ያ ዓይን አዳራሽ የገባውን ሁሉ አይቷል፤ የተላከበት ሰውዬ ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

ጋሼ፦ በኋላ ደረሰው፤ ምንም አልመሰለውም። ታዲያ ምን ፈየደ? የያዘው ቤተ ሙከራ ነው። ፊልሙ ሰውዬውን አልያዘም፣ አላስደነገጠም፣ አላሳፈረም።

እኔ፦ እኔ ደግሞ እዚያ ላይ ነው ፊልሙን የማምነው። እሱን ያሳፍራል ብዬ ጠብቄ አላውቅም። እኔን ነው ያሳፈረኝ፤ እኔ ደግሞ ማንንም አልገደልኩም። ፊልሙን ሙሉ የምጠብቀው ያ የፋብሪካ ልጅ እንዲረገጥ ነበር። ዋሻው አፍ ላይ ሽጉጡ ሲደገንበት «ተኩስ» ያልኩት በልቤ ነው፤ እማዬ ደግሞ በአፏ ብላዋለች።

እማዬ፦ ብያለሁ። ምን አለበት?

እኔ፦ ልጁ አልገደለም እኮ!

እማዬ፦ እሱን አሁን ነው የነገርሽኝ።

ጋሼ፦ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ምንም አልተሰማኝም ማለቱን ለምን እንደዚያ ቶሎ አመንሽው? ሰላሳ ዓመት ዝም ያለ ሰው፣ ዓለም ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቀው፣ ምን ቢል ነው ትልቅ የሚመስለው? አለቀስኩ ቢል ትንሽ ሰው ይሆናል። እኔ እንደዚህ ዓይነት ቃል ስቀበል «ይላል» ብዬ ነው የምጽፈው።

(ይኼን አላሰብኩትም ነበር። ስለዚያ ፊልም የተጻፈውን ሁሉ ሳነብ፣ የገዳዩን ቃል እንደ መጨረሻ ፍርድ ያልወሰደ አላጋጠመኝም፤ እኔንም ጨምሮ።)

እማዬ፦ እናንተ ሁለታችሁ ስለ ወንዶቹ ብቻ ነው የምታወሩት። መርማሪው እንዲህ፣ ገዳዩ እንዲያ። የሞቱት ሴቶች የት አሉ? የአንዷን ስም አልሰማሁም። ጭቃ ውስጥ ተኝተው ነው የማያቸው፣ አስፓልት ላይ እንደተገጨ ውሻ።

ጋሼ፦ እውነቷን ነው።

እማዬ፦ አንዷን ብቻ ነው ያወቅኳት፤ ያቺን ፕላስተር የተለጠፈላትን ተማሪ። ያ ከሴኡል የመጣው ጀርባዋ ላይ ቁስል አይቶ ፕላስተር ሲለጥፍላት አይቼ ነበር። ኋላ ሬሳዋን ሲገልጡት ፕላስተሩ እዚያው አለ። ፊቷን ሳያሳዩኝ በፊት በሱ አወቅኳት። ሆዴ ተላወሰ።

እኔ፦ ከዚያ በፊት ያለውንስ ታስታውሺያለሽ? ገዳዩ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ሁለት ሴቶች በተለያየ መንገድ ሲመጡ ያያል። አንደኛዋ የመርማሪው ወዳጅ ነርሷ ናት፣ ሌላዋ ተማሪዋ። ወደ ነርሷ ይሄድና ሐሳቡን ይቀይራል። ያን ጊዜ ምን እንዳልሽ ልንገርሽ?

እማዬ፦ ምን አልኩ?

እኔ፦ «ተመስገን» አልሽ።

እማዬ፦ ... ለነርሷ እኮ ነው።

እኔ፦ አውቃለሁ። እኔም ብያለሁ። ነርሷን ከመጀመሪያው ጀምሮ እናውቃታለን፣ ስትስቅ አይተናታል፣ መርፌ ይዛ መርማሪውን ስታክመው አይተናታል። ተማሪዋን ያየናት ጥቂት ጊዜ ነው። ገዳዩ መረጠ፣ እኛም አብረን መረጥን። ይኼንን ያደረገብን ቅንብሩ ነው፤ ነርሷን ብዙ ጊዜ አሳይቶ ተማሪዋን በቁጠባ በማሳየት። ሙያዬ ስለሆነ ሥራውን አደንቃለሁ፤ የሠራውን ሰው ባገኝ ግን አንድ ነገር እለዋለሁ።

እማዬ፦ ወንድ ነው አይደል ይኼን ያቀናበረው?

እኔ፦ ዳይሬክተሩ ወንድ ነው። ግን አንድ ነገር ሠርቷል፤ በዝናብ ቀን ሬዲዮ ላይ የሚጠየቀውን ዘፈን ያስተዋለችው ያቺ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራት ሴት ፖሊስ ናት። ያ ዓይን አይቼ አውቃለሁ የሚለው መርማሪ ፀጉር የሌለው ሰው ፍለጋ ፍል ውሃ ቤት ለፍል ውሃ ቤት ሲዞር።

እማዬ፦ አንድ ፕላስተርና አንድ ሬዲዮ። ይበቃል ልትይኝ ነው?

ጋሼ፦ የከተማው ሰዎችስ ምን አሉ? በከተማቸው ስም የሚጠራ ግድያ ይዞ መኖር ቀላል አይደለም።

እኔ፦ ነዋሪዎቹ ስማችን ይነሳልን ብለው ጠይቀዋል። ፖሊስ በ2019 መጨረሻ የጉዳዩን መጠሪያ በገዳዩ ስም ቀይሮታል። ሁዋሶንግ ይባል የነበረው አሁን የሊ ቹን-ጄ የግድያ ጉዳይ ነው።

እማዬ፦ አሁንም የሱ ስም! የሴቶቹ አይደለም!

ጋሼ፦ የሟች ስም ይወጣ ቢባል ደግሞ ቤተሰብ ላይ ሌላ ጣጣ ነው እታለም። እኛም አገር አይተነዋል። «ድፍረት» የሚባለውን ፊልም ታስታውሺ የለ? ተጠልፋ፣ የጠለፋትን ሰው ተኩሳ ስለገደለችው ልጅ የተሠራው። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ፣ እንግዳው ቦታ ቦታውን ይዞ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ መጣና ቆመ። ያቺ ልጅ ታሪኬን ሳልፈቅድ ነው የሠራችሁት ብላ ነበር። በኋላ ታየ፤ ግን ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ምን ብሎ እንደሄደ አስቡት።

እኔ፦ ጥሩ ፊልም እንዳያዩ ተከለከሉ ብሎ የተናደደ ይበዛል።

ጋሼ፦ የተናደደው ተመልካች ታሪኩ የሱ መስሎት ነው። ሰው ትኬት ሲገዛ ሕይወቱንም የገዛው ይመስለዋል። እኔ በዚያ ጉዳይ ላይ ዳኛ አይደለሁም፤ ግን የራሷን ሕይወት ግድግዳ ላይ ከሌላ ሰው ጋር ተቀምጣ ማየት ያልፈለገች ሴት «ለምን» ልትባል አይገባም።

እኔ፦ እና ከ«የግድያ ትዝታዎች» ሟቾች ቤተሰብም ፈቃድ ይጠየቅ ነበር ነው የሚሉት?

ጋሼ፦ ይጠየቅ ነበር። ፊልሙ ይቀር ነበር ይሆናል፤ ይቅር።

እኔ፦ በዚህ አንስማማም። ያ ፊልም ባይኖር እርስዎ ዛሬ ጫማው ላይ ጨርቅ ስለሚያጠልቀው ሰውዬ አያወሩልኝም ነበር። ስንት ዓመት አብረን ቡና ስንጠጣ አንስተውት አያውቁም።

ጋሼ፦ ...

እማዬ፦ ተይው እሱን። እኔ ልጠይቅሽ፤ ገዳዩ ፍርድ ቤት የመሰከረው በምን ጉዳይ ነው? አይከሰስም ብላችሁ አልነበር?

እኔ፦ በሌላ ሰው ጉዳይ ነው፣ እማዬ። በ1988 አንዲት ልጅ እቤቷ ውስጥ ተገድላ ተገኘች፤ ስምንተኛዋ ናት። ለሷ በዓመቱ ሰው ተያዘ። በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት እግሩን የሚጎትት የ22 ዓመት ወጣት። እንቅልፍ ነስተው፣ ደብድበው አሳመኑት። ዕድሜ ይፍታህ ተፈረደበት፤ ወደ 20 ዓመት ገደማ ታስሮ በ2009 በአመክሮ ወጣ። ሊ ቹን-ጄ ያቺንም የገደልኩት እኔ ነኝ ካለ በኋላ ጉዳዩ እንደገና ታይቶ በታኅሣሥ 2020 ነፃ ነህ ተባለ።

እማዬ፦ ፊልሙ ሲታይ ታዲያ የት ነበር?

እኔ፦ እስር ቤት። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ገዳዩ ሳይያዝ ቀረ እያለ ሲቆጭ፣ እሱ ተይዟል ተብሎ 14ኛ ዓመቱን እየቆጠረ ነበር።

ጋሼ፦ እሱን ማን ነው የያዘው?

እኔ፦ እዚያው የነበሩ መርማሪዎች ናቸው። ከመካከላቸው ያንን መዝገብ ዘጋችሁ ተብለው ማዕረግ የተጨመረላቸው ነበሩ።

እማዬ፦ አንቺ ስለሱ ፊልም ብትሠሪ አያለሁ። ከየት ነው የምትጀምሪው? ከእስር ቤት?

እኔ፦ እኔ እንጃ፤ ነፃ ነህ ካሉት ቀን ሳይሆን አይቀርም። ወደ ኋላ እየተመለስኩ።

ጋሼ፦ አይሆንም። ሰው እዚያ ላይ ያለቅስልሽና እፎይ ብሎ ይሄዳል። ማዕረጉ ከተሰጠበት ቀን ጀምሪ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሲያጨበጭብ፣ ጎረቤት ፖሊሶቹን እየሳመ ሲመርቃቸው፣ የልጅቷ ቤተሰብም በቃ ተገላገልን ብሎ ሲያለቅስ። አትቁረጪው ደግሞ፤ እንደ ትራክተሩ ቦታ ረጅም አድርጊው።